አምባው፣ ሐይቁና የቆየው ካርታ

የመልክዓ ምድር ካርታ የአንድን አገር ተራራና ሸለቆ፣ ወንዝና ሐይቅ፣ መንገድና መንደር በተወሰነ ልክ አሳንሶ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር፣ ከሌሎች የካርታ ዓይነቶች በተለየም የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ በመሥመር የሚያሳይ ሥራ ሲሆን፣ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ከመንገድ መሪነት ወደ ምስክርነት ያደላል። በታተመበት ዘመን መሐንዲሱን ወይም መንገደኛውን በየት በኩል እንደሚያልፍ ይነግረው የነበረው ወረቀት፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሲያልፍበት ሰው ያን ጊዜ የት ሰፍሮ እንደነበር፣ የትኛው ኮረብታ ዛፍ ለብሶ የትኛው ራቁቱን ቆሞ እንደነበር፣ ጅረቱ በምን ስም ይጠራ እንደነበር የሚያወሳ ሰነድ ይሆናል። በደቡብ ወሎ የሚገኙት ሐይቅና አምባሰል በዚህ ዓይን ሊነበቡ ከሚገባቸው የኢትዮጵያ ምድሮች መካከል ናቸው፤ ጎን ለጎን ሊዘረጉ በሚችሉ ጥቂት ወረቀቶች ላይ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ የግሸን ደብረ ከርቤ አምባ እና የውጫሌ ውል የተፈረመበት ምድር አብረው ይታያሉና። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱ «አምባሰል» ተብሎ በስሙ የሚጠራለት ይህ አገር ትዝታውን በዜማ ጠብቆ ቢያቆይም፣ በወረቀት የተቀመጠለትን ትዝታ ግን ገና በቅጡ አላነበበውም።

ካርታውን ለማንበብ የሚያስፈልገው እውቀት ብዙ አይደለም። በኢትዮጵያ ለገጠር ጥናት ይበልጥ የሚያገለግለው የ1፡50,000 ልኬት ያለው ካርታ ሲሆን፣ ልኬት ማለት በወረቀቱ ላይ ባለው ርቀትና በመሬቱ ላይ ባለው ርቀት መካከል ያለ ዝምድና በመሆኑ፣ በዚህ ካርታ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሚለካው በመሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው። አንዱ ወረቀት በኬክሮስም በኬንትሮስም 15 ደቂቃ፣ ማለትም በየጎኑ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን አገር ይሸፍናል፤ ይህም አንድ ገበሬ ለገበያ፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግና ለንግሥ በዕድሜው ሁሉ ከሚመላለስበት አገር ጋር የሚቀራረብ ስፋት ነው። ከፍታ የሚገለጠው የከፍታ መሥመር በሚባለው፣ ከባሕር ወለል በላይ እኩል ከፍታ ያላቸውን ነጥቦች በሚያገናኝ ቀጭን መሥመር ሲሆን፣ መሥመሮቹ ሲራራቁ ሜዳ፣ ሲቀራረቡ ዳገት፣ ተጠጋግተው ሊለዩ እስኪያስቸግሩ ሲደራረቡ ደግሞ ገደል መኖሩን ያመለክታሉ። አምባ ከሁሉም ይልቅ በዚህ ቋንቋ ጎልቶ ይነገራል፤ ዙሪያውን በጠበቡ መሥመሮች ታጥሮ መካከሉ ባዶ የቀረ ቀለበት ሆኖ ይታያል። የደጋው ሰው አምባ ሲል ዙሪያው ገደል አናቱ ሜዳ የሆነውን ተራራ ማለቱ ስለሆነ፣ ካርታ ሠሪው ከብዙ ስሌት በኋላ የደረሰበትን ቅርጽ ቋንቋው አስቀድሞ በአንድ ቃል ይዞት ነበር ማለት ይቻላል። የአምባሰል ደጋ የውኃ መክፈያ መሆኑም እንዲሁ ከመሥመሮቹ ይነበባል፤ በምዕራብ በኩል የሚወርደው ጅረት በሽሎን ተከትሎ ወደ ዓባይ ሲገባ፣ በምሥራቅ በኩል የሚወርደው በሚሌ በኩል ወደ አዋሽ አምርቶ በአፋር ቆላ ይቀራል። በአንድ አፋፍ ላይ ከግራና ከቀኝ የወረደ ዝናብ እንዲህ ተለያይቶ መቅረቱን በእግሩ የሚሄደው ሰው ልብ ላይል ይችላል፤ በካርታው ላይ ግን በጣት ተከትሎ ማግኘት ይቻላል።

ሆኖም የዚህ አገር ትዝታ መሥመር ከመሰመሩ በፊት በቃልና በብራና ተጽፎ ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1248 እ.ኤ.አ. ገደማ በሐይቅ እስጢፋኖስ የምንኩስና ሕይወትን ካቋቋሙ በኋላ ገዳሙ የትምህርትና የመጻሕፍት ማዕከል ሆኗል፤ አበምኔቱም «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ ትልቅ ሥፍራ ነበራቸው። ታሪኩን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መባቻ በሰፊው ያጠኑት የታሪክ ምሁሩ ታደሰ ታምራት የገዳሙን አበምኔቶች ዝርዝር እስከ መከታተል ደርሰዋል። በ1280 እና በ1281 እ.ኤ.አ. መካከል የተጻፈው የኢየሱስ ሞዓ አራቱ ወንጌል ዘመኑ በራሱ ላይ ተጽፎ ከተገኘባቸው የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል እጅግ ጥንታዊው ሲሆን፣ እንዲህ ባሉ ወንጌሎች ባዶ ገጾች ላይ የሀብትና የስጦታ ማስታወሻ መጻፍ የተለመደ ነበር። በዚህ ልማድ የተጻፈ የመሬት ማስታወሻ ወሰንን የሚያስረዳው በወንዝና በዛፍ፣ በድንጋይና በተረተር፣ እንዲሁም ምስክር ሆነው በቆሙ ሰዎች ስም ነው። ዛሬ ካርታ የሚባለው ነገር ያደረገው ይህንኑ ምስክርነት ከሰው ስም ነጥሎ ወደ ቁጥር መለወጥ ነው፤ በዚህም የተገኘው ትክክለኛነት ብዙ ሲሆን፣ የወሰኑን ዛፍ የሚያውቀው ሰው ከወረቀቱ ላይ መጥፋቱ ግን እንደ ጉድለት መቆጠር ይኖርበታል።

አምባሰል በዓለም ካርታ ላይ ቦታ ያገኘው በመለካት ሳይሆን በወሬ ነበር። ነገሥታት ወንድሞቻቸውንና ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ዙፋን እንዳይሻሙ፣ በግሸን አምባ ላይ አስጠብቀው ያኖሩ እንደነበር የፖርቱጋል መልእክተኞች ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተዘዋወረ በኋላ ጽፎ፣ መጽሐፉም በ1540 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ ታትሟል። የፍላንደርሱ ካርታ ሠሪ አብርሃም ኦርቴሊየስ በ1573 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሐበሻ መንግሥት ካርታ ላይ «የአማራ ተራራ»ን ሥሎ የንጉሡ ልጆች በጠባቂ ተይዘው የሚኖሩበት መሆኑን በአጠገቡ አስፍሯል፤ ነገር ግን የኢትዮጵያን ግዛት ወደ ደቡብ እጅግ ስቦ ስለ ዘረጋው ተራራው ከእውነተኛ ሥፍራው ርቆ ወደ ምድር ወገብ ተጠግቷል። ይህ ስሕተት ዘመን አልፎ ዘመን ተሻግሯል፤ የእንግሊዙ ባለቅኔ ጆን ሚልተን በ1667 እ.ኤ.አ. ስለ ገነት ባሳተመው ታላቅ ቅኔ የአማራን ተራራ በምድር ወገብ ላይ አስቀምጦ ጠቅሶታል፤ ደራሲው ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 እ.ኤ.አ. ራሴላስ የተባለውን ልቦለዱን በዚሁ ወሬ ላይ መሥርቷል። ከዚህ የራቀ ጥንቃቄ የታየው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በ1683 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ካርታ ሲሆን፣ የሉዶልፍ የኢትዮጵያ እውቀት ትልቁ ምንጭ በ1652 እ.ኤ.አ. ጎታ ድረስ ተጉዘው ያስተማሩት አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። አባ ጎርጎርዮስ የመካነ ሥላሴ፣ ማለትም የዚሁ የቤተ አማራ ምድር ተወላጅ መሆናቸው ሲታሰብ፣ አውሮፓ ውስጥ ስለ ኢትዮጵያ በተሠራው በዚያ ታላቅ ካርታ ላይ የወሎ መምህር ድምፅ እንዳለበት መዘንጋት አይገባም።

የስሞች ጉዳይ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ሐይቅ የሚለው ቃል በግእዝም በአማርኛም የተኛ ውኃን ወይም የውኃ ዳርን የሚያመለክት የወል ስም ሲሆን፣ ጣና፣ ዝዋይ፣ አባያ የራሳቸው መጠሪያ ሲኖራቸው ይህ ብቻ ሌላ መለያ ሳያሻው «ሐይቅ» ተብሎ መቅረቱ ለአካባቢው ሰው ምን ያህል የታወቀና የተከበረ እንደነበር ይናገራል። ባዕዳን ካርታ ሠሪዎች ግን ቃሉን እንደ ተጸውዖ ስም ወስደው በራሳቸው ቋንቋ ሐይቅ የሚለውን ስለ ጨመሩበት፣ በወረቀታቸው ላይ የሚነበበው «ሐይቅ ሐይቅ» ሆኖ ቀርቷል። አምባሰል በበኩሉ አምባ ከሚለው ጋር ዐረብኛው ለማር የሚሰጠው ዐሰል የሚል ስም ተጣምሮበት «የማር አምባ» ማለት እንደሆነ የሚነገር ትርጓሜ አለው። ትርጓሜው በሥነ ልሳን ቢጸናም ባይጸናም፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ለዘመናት አብረው በኖሩበት ምድር ግማሹ ከአንዱ፣ ግማሹ ከሌላው ቋንቋ የተገኘ ስም በሕዝቡ ዘንድ ተቀባይነት ማግኘቱ በራሱ ትርጉም አለው።

ስም በባዕድ ፊደል ሲጻፍ የሚደርስበትን ለማየት ከውጫሌ የተሻለ ምሳሌ የለም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በጣሊያን መንግሥት መካከል የተፈረመው ውል ስሙን ከዚህ የአምባሰል ሥፍራ ያገኘ ሲሆን፣ የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛና የጣሊያንኛ ቅጂ መለያየት ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት እንደሆነ የታወቀ ነው። ከአንቀጹ በተጨማሪ የቦታው ስም ራሱ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር ተለውጦ፣ በጣሊያን ሰነዶችና ካርታዎች ላይ «ኡቻሊ» ተብሎ መጻፉን ያስተዋለ ጥቂት ነው። የጣሊያን ፊደል ጨን ከቸ፣ ጠን ከተ፣ ቀን ከከ ለይቶ የሚጽፍበት መንገድ ስለሌለው፣ ቀይ ገደልን፣ ጥቁር ውኃን ወይም ጨው በርን የመሰለ ገላጭ ስም በወረቀቱ ላይ ትርጉሙን አጥቶ ድምፅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ከነጻነት በኋላ በኢትዮጵያ የካርታ ድርጅት የተዘጋጁት የ1፡50,000 ካርታዎችም የቦታ ስሞችን በብዛት በላቲን ፊደል ስለሚያሰፍሩ ችግሩ ተቃለለ እንጂ አልጠፋም። በመሆኑም የቆየ ካርታ ላይ የተገኘን ስም የሚያጠና ሰው ስሙን በልዩ ልዩ የግእዝ ፊደላት እየለዋወጠ ሊያነበውና ከእያንዳንዱ ንባብ የሚገኘውን ትርጉም ከመሬቱ ቀለም፣ ከውኃው ጣዕምና ከዛፉ ዓይነት ጋር ሊያመሳክር ይገባል።

ከሁሉም ይልቅ የበለጸገውና ለኅሊና የከበደው የካርታ ሀብት የተገኘው ከጦርነት ነው። ፋሺስት ጣሊያን ኢትዮጵያን ለመውረርና ከዚያም ለመግዛት ስትል ከ1935 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሳቻቸው ፎቶግራፎች፣ በጠንካራ ሰሌዳ ላይ ተለጥፈው 8,281 ሰሌዳዎች ሆነው፣ አዲስ አበባ በነበረው የኢትዮጵያ የካርታ ድርጅት ምድር ቤት ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተቀምጠው ቆይተዋል። የጌንት ዩኒቨርሲቲው የጂኦግራፊ ምሁር ያን ኒሰን ከኢትዮጵያውያንና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር እነዚህን ሰሌዳዎች ከተረሱበት አውጥተው፣ ዘርዝረውና በዘመናዊ መሣሪያ ቀድተው ውጤቱን በ2016 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። እያንዳንዱ ሰሌዳ 50 በ20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን አራት ምስሎችን ይይዛል፤ አንዱ በቀጥታ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጋደል ተብሎ፣ አራተኛው ደግሞ አድማሱን እስኪያሳይ ድረስ ሩቅ ተመልክቶ የተነሣ ነው። በፍሎረንስ የነበረው የጣሊያን የጦር ጂኦግራፊ ተቋም የ1፡50,000 እና የ1፡100,000 ካርታዎችን የሠራው ከእነዚህ ምስሎች ነው። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን በቦምብ የደበደበው ኃይል ካሜራውንም በዚያው ሰማይ ላይ ያሰማራው ለእውቀት ሲል እንዳልነበር የታወቀ ነው። ሆኖም ካሜራው ያየውን መርጦ አላየም፤ ለጦር አዛዡ ከሚጠቅመው መንገድና መተላለፊያ ጋር የእርሻውን ድንበር፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዙሪያ ዛፍ፣ ከብት የዋለበትን መስክና በአውድማ ዙሪያ የተከመረውን ነዶ አብሮ ስለ ያዘ፣ ባለቤቶቹ የማያውቁት የገበሬዎች ርስት መዝገብ ሆኖ ተገኝቷል። ያ መዝገብ የማን ነው ቢባል መልሱ ፎቶግራፉን ያነሣው አይደለም፤ በፎቶግራፉ ውስጥ ያለው መሬትና ያረሰው ሰው ነው።

እንዲህ ያለው ሰነድ ከሚያናውጣቸው እምነቶች ዋነኛው የደን ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በፊት 40 በመቶ የሚሆነው መሬቷ በደን የተሸፈነ እንደነበርና ያም በገበሬው እጅ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ተመንጥሮ ከ3 በመቶ በታች እንደወረደ ለረጅም ጊዜ ሲነገር የኖረ ሲሆን፣ ጄምስ ማካንን የመሳሰሉ የታሪክ ምሁራን ግን አኃዙ ማስረጃ እንደሌለው አሳይተዋል። በወሎ ጉዳዩን በቦታው ተገኝተው የመረመሩት የታሪክ ምሁሩ ዶናልድ ክራሚ ናቸው። ክራሚ ጣሊያኖች በ1937 እ.ኤ.አ. ያነሷቸውን የወሎ ፎቶግራፎች ይዘው በ1997 እ.ኤ.አ. ወደየቦታው ተመልሰው፣ በዚያው ማዕዘን ቆመው ዳግመኛ አነሷቸው፤ ሁለቱ ምስሎች ጎን ለጎን ሲታዩም በአብዛኛዎቹ ሥፍራዎች ከ60 ዓመት በኋላ የሚታየው ዛፍ በዝቶ እንጂ ተመናምኖ አልተገኘም። ከዚህ ዛፍ ብዙው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገሪቱ የገባው ባሕር ዛፍ እንደሆነና ለአገር በቀሉ ደን ምትክ ሊባል እንደማይችል እሙን ነው። ቢሆንም የገበሬው እጅ ዛፍ ቆራጭ ብቻ ሳይሆን ዛፍ ተካይም እንደነበር ፎቶግራፎቹ ያለ ጥርጥር ይመሰክራሉ፤ ለዘመናት «ደኑን የጨረሰው» ተብሎ ሲወቀስ ለኖረ ሕዝብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከፎቶግራፉም አልፎ ወደ ኋላ የሚሄድ ሌላ መዝገብ በራሱ በሐይቁ ወለል ላይ ተነጥፏል። ከዛፍና ከሣር አበባ በነፋስ የሚበተነው ብናኝ በውኃ ላይ አርፎ ከጭቃው ጋር በየዓመቱ ስለሚደራረብ፣ ጭቃውን በቱቦ አውጥቶ ብናኙን በአጉሊ መነጽር የሚለይ ተመራማሪ በአካባቢው በየትኛው ዘመን ምን ይበቅል እንደነበር ማወቅ ይችላል። ከሐይቅና ከእርሱ በስተ ደቡብ ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከሐርዲቦ ሐይቅ የተወሰደው እንዲህ ያለ ናሙና በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የ3,000 ዓመት ታሪክ ተነቦበታል። በጥናቱ መሠረት የዝግባና የጥድ ደን ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ በሰው እጅ ተመንጥሮ በክትክታ ቁጥቋጦና በሣር ተተክቷል፤ ይህም ለ1,800 ዓመት ያህል ጸንቷል፤ ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ጥድና ወይራ ያለበት ደን እንደገና ተስፋፍቷል፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት 300 ዓመታት ደግሞ ዳግመኛ ተመንጥሯል። ይህ ቅደም ተከተል ከሰው ታሪክ ጋር ሲገጣጠም የሚያስደንቅ ነገር ይወጣል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ወደ ሐይቅ ሲመጡ በዙሪያቸው ያዩት ኮረብታ በአብዛኛው ክትክታና ሣር እንጂ ጥንታዊ ጫካ አልነበረም ማለት ነው። አልቫሬዝ ያለፈው ደን በሚያድግበት ዘመን ነው፤ በ1842 እ.ኤ.አ. በሐይቅ በኩል ያለፈው ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ያየው ደግሞ ምንጠራው የገፋበትን አገር ነው፤ የጣሊያን ካሜራም ከዚያ በኋላ መጣ። የ16ኛው ምዕተ ዓመት የግራኝ ጦርነት መሬቱን ጦም አሳድሮ ደኑን አበቀለው ብሎ ማሰብ ይቀል ነበር፤ ነገር ግን ደኑ ማገገም የጀመረው ከጦርነቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ ስለሆነ ጦርነቱ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። እያንዳንዱ እንግዳ የተመለከተውን የአገሩ ጥንተ መልክ አድርጎ ጽፏል፤ አገሩ ግን በየዘመኑ ሌላ ነበር፤ አንድ ካርታ ብቻውን ሲነበብ የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሐይቁ ራሱ በካርታ ላይ ሲሣል አንድ ቋሚ መሥመር ይሰጠዋል፤ በእርግጥ ግን ዳርቻው ከዘመን ዘመን ይንቀሳቀሳል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ እስከ 88 ሜትር የሚደርሰው ይህ ውኃ በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ ስለሌለው ከፍታው የሚወሰነው በዋናነት በዝናቡ፣ በትነቱና በሚገባለት ጅረት ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም በአልቫሬዝ ዘመን በደሴት ላይ እንደነበር ተጽፏል፤ ዛሬ ግን ውኃው በመሸሹ ከየብስ ጋር ተገናኝቶ ልሳነ ምድር ሆኗል፤ ልሳነ ምድር ማለት ሦስት ወገኑ በውኃ ተከብቦ በአንድ በኩል ብቻ ከየብስ የተያያዘ መሬት ነው። ገዳሙን ከየብስ የለየውን ውኃ ለመሻገር ታንኳ ያስፈልገው የነበረው መነኩሴ ዛሬ በእግሩ ይገባል። ይህን ለውጥ ከካርታ ወደ ካርታ ለመከታተል የሚሞክር ሰው ግን አንድ ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋል፤ የቆዩት የኢትዮጵያ ካርታዎች «አዲንዳን» በተባለ መነሻ ላይ ሲመሠረቱ፣ መነሻ የሚባለው የምድርን ቅርጽ በስሌት ለመወከል የተመረጠ የልኬት መሠረት ሆኖ፣ በስልክና በዘመናዊ መሣሪያ የሚነበበው አቀማመጥ ግን በሌላ መነሻ ይሰላል። ሁለቱ ሳይታረቁ ከተደራረቡ ሁሉም ነገር ከ200 ሜትር በላይ ስለሚዛነፍ፣ ገዳሙ ውኃ ውስጥ ገብቶ ወይም ዳርቻው ያላፈገፈገውን አፈግፍጎ ሊታይ ይችላል። ከዚህ ዓይነት ስሕተት የተነሣ የሐይቁን መቀነስ አለመጠን ያጋነነ ወይም ያሳነሰ ሥራ ሊጻፍ ስለሚችል፣ ጉዳዩ የባለሙያ ክርክር ብቻ ተደርጎ መታለፍ የለበትም።

በ1፡50,000 ካርታ ላይ ቤቶች በጥቃቅን ምልክቶች፣ ቤተ ክርስቲያን በመስቀል፣ መስጊድ በጨረቃ ይታያሉ። በወሎ ወረቀቶች ላይ መስቀሉና ጨረቃው በአንድ ተረተር ላይ ተጎራብተው የሚገኙ በመሆናቸው፣ ብዙ መጽሐፍ የተጻፈበት የአብሮ መኖር ታሪክ በአንድ እይታ ይገለጣል። ጥቃቅኖቹ የቤት ምልክቶች ግን ሐዘን ያዘሉ ናቸው። የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃቦች ወሎን ከሌላው አገር ይበልጥ ጎድተዋል፤ ተመራማሪው ደሳለኝ ራኅማቶ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም የአምባሰልን ገበሬዎች መነሻ አድርጎ፣ ሰዎቹ እርዳታ ከመድረሱ በፊት ከብት በመሸጥ፣ ምግብ በመቆጠብ፣ በዘመድ በመደጋገፍና በመጨረሻም በመሰደድ ራሳቸውን ለማዳን ምን ያህል እንደተጋደሉ ገልጿል። ከዚያ በኋላ በመላው አገሪቱ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሲሰፍር ከፍተኛው ቁጥር የወሎ ሰው ነበር። ከዚያ ዘመን በፊትና በኋላ በተነሡ የአየር ፎቶግራፎች ላይ የቤት ምልክት ያለበትን ተረተር ከባዶው ጋር አስተያይቶ ማየት፣ በስታቲስቲክስ ከተጻፈው ቁጥር ይልቅ ወደ እያንዳንዱ ደጃፍ ያቀርባል፤ በወረቀት ላይ የአንዲት ነጥብ መጥፋት የአንድ ምድጃ መጥፋት ነው። የመሬት ሥሪቱም በወረቀቱ ላይ የራሱን ጠባሳ ትቷል፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሸፍን መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ባዘዘ ጊዜ፣ ጃንጥራር የሚባሉት ባለ ማዕረጎች ለዘመናት ሲያስተዳድሩት የኖረው አምባሰል አዲስ ወሰንና አዲስ መጠሪያ ተሰጥቶታል። አውራጃ፣ ወረዳ፣ ቀበሌ የሚሉት ቃላት በተለያዩ ካርታዎች ላይ ለተለያየ መሬት ስለዋሉ፣ በአንዱ ዘመን አምባሰል የተባለው በሌላው ዘመን ከተባለው ጋር በስፋቱ አይመሳሰልም።

እነዚህ ሁሉ ሰነዶች አንድ የሚጎድላቸው ነገር አለ፤ እርሱም የነዋሪው ቃል ነው። የገበያ ቦታ ረቡዕ ሲቆም ሮቢት፣ ሐሙስ ሲቆም ሐሙሲት መባሉ በደጋው አገር ሁሉ የታወቀ ሲሆን፣ ገበያው ወደ መኪና መንገድ ሲሸሽ ስሙ በቀድሞው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ሜዳው ለምን እንዲያ እንደተባለ የሚያስታውሰው ግን ከብት እየነዳ በዚያ ያለፈው ሽማግሌ ነው። የሱሉላ ወይም የውጫሌ አካባቢ ተወላጅ የሆነ አዛውንት በአፋፍ ላይ ቆሞ በጣቱ እየጠቆመ የሚዘረዝረው የስም ብዛት የ1፡50,000 ካርታ ሊይዝ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ካርታው ለአንድ ኮረብታ አንድ ስም ሲሰጥ፣ በኮረብታው ላይ የኖረው ሰው ለጉብታው፣ ለምንጩ፣ ለዋሻው፣ ለመውጫ በሩና ለእያንዳንዱ እርሻ መጠሪያ አለው። በየደብሩ ያሉ ካህናትና በየመስጊዱ ያሉ ሼሆች የመቃብር ቦታን፣ የጠፋ ደብርን፣ የቀድሞ የዱዓ ሥፍራን ስለሚያውቁ፣ ካርታውን በሁለቱም ደጅ ይዞ መቅረብ የሥራው ግማሽ ነው። በዛሬው የኅዋ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት ሥር ያሉት የቆዩ ካርታዎችና ፎቶግራፎች በዲጂታል መልክ ለወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ ለየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትና ለገጠር ትምህርት ቤቶች ቢደርሱ፣ ተማሪው የአያቱን መንደር በ1937 እ.ኤ.አ. ፎቶግራፍ ላይ አግኝቶ፣ የአያቱን ስሞች በግእዝ ፊደል በእርሳስ ጎን ለጎን ሊጽፍባቸው ይችላል።

ለዚህ ሥራ የተመቸ ቀን ከተፈለገ መስከረም 21 አለ። በዚያ ዕለት ምዕመናን ከየአቅጣጫው ወደ ግሸን ማርያም ይወጣሉ፤ ከቆላው የሚመጣው በበሽሎ ሸለቆ፣ ከሐይቅና ከውጫሌ ወገን የሚመጣው በአምባሰል ደጋ ላይ እየተጓዘ፣ በካርታው ላይ በነጠብጣብ የተሰመረውን የእግር መንገድ በእግሩ እየረገጠ በአምባው በር ይገናኛል። ከዚያ ከሚወጡት መካከል ዕድሜያቸው ከጣሊያን ሰሌዳዎች የሚበልጥ ሰዎች ዛሬ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ መንገዱን ሲወጡ ግን በየማረፊያው ቆም እያሉ፣ ምርኩዛቸውን ወደ ሸለቆው ዘርግተው ለልጅ ልጆቻቸው የየቦታውን ስም ይነግራሉ።